ይቆይ የተባለው ድንኳን

በዚያ ቀን ቤታችን የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሴት ልጄ፣ የእድራችን ዳኛ፣ የነፍስ አባታችን፣ ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ሙስሊም ጎረቤቴና ኮሎኔሉ ነን። ሁለት አጃቢዎቹ በረንዳው ላይ፣ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ቆመዋል። ያልነበረው ወንዱ ልጄ ብቻ ነው። የተሰበሰብነውም ስለ እሱ ነበር።

ኮሎኔሉን ዲላ ውስጥ ከእኛ በፊት ያወቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። መቶ አለቃ ሆኖ መጥቶ የጓሮ ክፍላችንን ተከራየ። ሥራውን ስንጠይቀው "ቢሮ ነው" ይላል። ጨዋ ነበር። ቆጮ መብላት የለመደው እኛ ቤት ነው፤ ልጄንም ሒሳብ ያስጠናው ነበር። ማዕረጉ ሲያድግ የትከሻውን ምልክት የምሰፋለት እኔ ነኝ።

"እትዬ፣ ጠበቅ አድርጊው፤ በሰው ፊት ወድቆ እንዳያዋርደኝ።"

"አንተ ካልወደቅክ እሱ አይወድቅም" እለዋለሁ። ይስቃል።

ሻምበል ሲሆን ከግቢያችን ወጣ። ሻለቃ ሲሆን ልብሱን በሾፌር ይልክልኝ ጀመር። ኮሎኔል ሆኖ የአካባቢው የጦር መረጃ ኃላፊ ሲባል ምልክቱን ማን እንደሰፋለት አላውቅም። ከዚያ ወዲያ መኪናው ሲያልፍ ቡና ነጋዴዎቹ እንኳ ወሬያቸውን ያቋርጡ ነበር።

እኔ ድሮም ፈሪ ነኝ። ልጆቼን ያሳደግኳቸው "ባጃጅ ውስጥ አታውሩ፣ ስልክ ላይ አትጻፉ" እያልኩ ነው። ወንዱ "እማ፣ መተንፈስስ ይፈቀዳል?" ይለኝ ነበር። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሳለ፣ ስለታሰሩ ጓደኞቹ ፌስቡክ ላይ ጻፈ። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከጪጩ ሲመለስ ከባጃጅ አወረዱት። ባለባጃጁ "ልብሳቸው የሲቪል ነው፤ ጫማቸው ግን የወታደር ነው። በይርጋጨፌ መንገድ ይዘውት ሄዱ" አለኝ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፤ እኛ ጋ የለም አሉኝ። ካምፑ በር ላይ ቆምኩ፤ እዚህ ሲቪል አይታሰርም አሉኝ። ኮሎኔሉ ስልኬን አያነሳም። ቆይቶ ከእስር የተፈታ አንድ ልጅ "ታሞ ሞቷል" ብሎ አወራ፤ ሌላው ደግሞ "በሕይወት አይቼዋለሁ" አለ። ባለቤቴ ሁለቱን ወሬ መሸከም አቃተው። "ካለ ይባል። ከሞተም ላልቅስለት" አለ።

በእድራችን ደንብ ሬሳ ሳይታይ ወይም የታመነ መርዶ ሳይመጣ ድንኳን አይተከልም። ኮሎኔሉ ተከራይ በነበረ ጊዜ የገባበትን እድር አልተወም፤ ስለዚህ የእድሩ ዳኛና የነፍስ አባታችን ሽማግሌ ሆነው ሄዱና ጠሩት። መጣ።

ጎረቤቴ ውሃ አቀረበችለት። "ይጠጡ ኮሎኔል፤ መርዝ የለበትም። ከዚሁ ቤት ሲጠጡት የኖሩት ውሃ ነው።" ፈገግ አለ፤ አልጠጣም።

የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ምስጢር አውጣ አንልህም። የት እንዳለም አንጠይቅህም። ድንኳን እንትከል ወይስ አንትከል? እሱን ብቻ ንገረን።"

ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬቱን አየ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኔ አፉን አፉን አያለሁ።

"ድንኳኑ ይቆይ" አለና ተነሳ።

ባለቤቴ እስከ በሩ ተከተለው። "ይቆይ ማለት አለ ማለት ነው?"

"ጋሼ፣ ይቆይ አልኩ" አለው፤ ሄደ።

ጎረቤቴ አቀፈችኝ። "አልሃምዱሊላህ በይ! ቢሞት ኖሮ ትከሉ ይል ነበር።"

"ምን ነካሽ?" አላት ባለቤቴ። "ድንኳን ሲተከል ሰው ይሰበሰባል። እሱ የፈራው ሰው እንዳይሰበሰብ ነው።"

የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን አሳልመውን ወጡ። ፍትሐትም እንደ ድንኳኑ ቀረ።

እኔ በጎረቤቴ ቃል ስጸና፣ በባለቤቴ ቃል ስወድቅ ኖርኩ። የእድሩ ድንኳን ሲቀደድ የሚሰፋው እኔ መኪና ላይ ነው። ለሌላ ለቅሶ ሲተከል ሄጄ ሳህን አቀብላለሁ፤ ከላይ የለጠፍኩትን እራፊ ሳይ ሳህኑን ለሴት ልጄ ሰጥቼ እወጣለሁ። ሴት ልጄ "እማ፣ ይህን ሸራ እንኳ ሌላ ሰው ይስፋው" ትለኛለች። ሌላ ሰፊ ካገኙ ይውሰዱት፤ እኔ ግን እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ከዚያ ኮሎኔሉ ተሻረ። ማን እንደሻረው፣ ለምን እንደሻረው አልተነገረም። የበሩ ዘበኞች ተነሡ፤ ስልኩ ተዘጋ። አንዱ ታስሯል ይላል፣ አንዱ በሞያሌ በኩል ወጥቷል ይላል። በወንበሩ የተቀመጠው ሰው ደጅ ሄጄ ነበር። "ያለፈውን አናውቅም" ብሎ በዘበኛ አስነገረኝ።

ባለፈው የኮሎኔሉ ሚስት ካለችበት ከተማ ደወለች። እያለቀሰች ነው። "እትዬ፣ እሱ ወደ እናንተ መጥቶ አልነበረም? ምን ላድርግ? ልጠብቀው ወይስ ላልቅስ?" ባሏ የነገረን ‹ይቆይ› የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

ባለቤቴ አሁን ስለ ልጃችን አያወራም። እኔም ልጄን ያያችሁ ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ፤ የደረሰበትን የሚያውቅ ሰው አንድ ኮሎኔሉ ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ስለ እሱ ነው። ረጅም፣ ጠይም ነው፤ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው፤ ሲናገር መሬት መሬት ያያል። እስር ቤትም ይሁን፣ ሆስፒታልም ይሁን፣ ሰው አገርም ይሁን፣ ያያችሁት ካላችሁ ወይም የት እንዳለ የሰማችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።