ፍሬኑ ቀድሞ ይብላ

እኔን ብሎ መካኒክ! ብሎን ከቆርኪ የማልለይ፣ ፈርሚ ሲሉኝ አውራ ጣቴን ቀለም የምነክር ሴትዮ፣ በከባድ መኪና የንፋስ ሥራ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ሳይጠሩኝ አቤት ማለት ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ ያደገ በሽታ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቼ ወጡ ጨው አነሰው እላለሁ፣ በማላውቃት ሙሽራ ሠርግ ላይ ቬሎ አስተካክላለሁ፤ በዚሁ አመሌ አንድ ቀን የመኪና ሆድ ሥር ገባሁ። መግባቱንስ ገባሁ፣ መውጣቱ ነው ያቃተኝ።

ባለፈው ሰኞ የልጅ ልጄን ጃኬት ሳጥብ፣ ከሳፋው ጠርዝ ላይ ከተከመረው አረፋ መሃል አንዷ ብቻዋን ማበጥ ጀመረች። አበጠች፣ አበጠች፣ ዓይን አከለች፣ ትክ ብላ አየችኝና ጧ አለች። እጄ ውሃው ውስጥ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። የሳሙናው ሽታ ወዲያው ተለወጠብኝና ግሪስ፣ የተቃጠለ ዘይትና ፀሐይ የመታው ጎማ ሸተተኝ፤ ከዚያ ሽታ ጀርባ ደግሞ ወንድሜ ግርማ እንደ ልማዱ እያፏጨ መጣ።

ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፣ እኔም ሠላሳ አልሞላሁም። ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ፣ ጭቃ ግድግዳዋ በየክረምቱ በምታብጥ ቤት ውስጥ ከእናቴና ከታላቅ ወንድሜ ከግርማ ጋር እንኖራለን። እኔ የሰው ልብስ አጥባለሁ፣ ግርማ ከነተሳቢው ከባድ መኪና እየነዳ ወደብ ይመላለሳል። ከአጥራችን ማዶ የጋሽ ሸምሱ ጋራዥ ነው፤ ጋሽ ሸምሱ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከመኪና ሥር እግራቸው ብቻ የሚታይ ሰው ስለነበሩ ፊታቸውን ሳውቀው ጫማቸውን ካወቅሁ ዓመት አልፎኝ ነበር።

የግርማ መኪና አሮጌ ናት። ጭነት ሲበዛባት ከሥር የሚሸከማት ባሌስትራዋ ጎብጦ ቂጧን መሬት እያስነካች ስትሄድ፣ የፋሲካ በግ የበላች እመቤት ትመስላለች። አንድ ጊዜ ታዲያ ግርማ ከወደብ ሲመለስ፣ ከተጣለ አውቶብስ ላይ የተፈቱ ሁለት የጎማ ከረጢቶችና ባለ ሦስት ቀንድ የንፋስ ጡሩምባ ይዞ መጣ። ከረጢቶቹ ከኋላ ከባሌስትራው ጎን ይገቡና ንፋስ ሲሞሉ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፍተው ጭነቱን ያነሳሉ፤ ጡሩምባው ጋቢናው አናት ላይ ይታሰራል። እናቴ ጡሩምባውን በቀሚሷ ጫፍ እየወለወለች ፊቷን ታይበት ነበር። ልጇ መንገድ በወጣ ቁጥር እህል የማይወርድላት ሴት ናት፤ ግርማም ከሜክሲኮ አደባባይ ጀምሬ ስነፋ ትሰሚኛለሽ፣ በሩ ላይ ቆመሽ አትጠብቂኝም ብሎ ቃል ገባላት።

ጋሽ ሸምሱ ሥራውን ሲጀምሩ ሕጉን ነገሩን። ሞተሩ ሲነሳ ኮምፕሬሰር የሚሏት ማሽን ንፋስ እየጠጣች በርሜሉን ትሞላለች፤ ከዚያ በርሜል መጀመሪያ የሚበላው በንፋስ የሚይዘው ፍሬን ነው፣ እሱ ሲጠግብ የተረፈው ለከረጢቶቹና ለጡሩምባው በየራሳቸው ትንሽ በርሜል ይሄዳል። በመሃል ዘበኛ ይቆማል። ዘበኛ የሚሉት ጡጫ የምታህል የብረት ቫልቭ ናት፤ የፍሬኑ ንፋስ እንዳይነካ የምትጠብቀው እሷ ናት። «ፍሬን አባወራ ነው፣ ቀድሞ ይብላ» አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀን አልተናገሩም።

እኔ የገባሁት በአረፋ ነው። ቱቦዎቹ ሁሉ ከታሰሩ በኋላ ንፋስ የሚሰረቅበት መጋጠሚያ የሚታወቀው የሳሙና አረፋ ሲቀባ ነው፤ ንፋስ ካመለጠ አረፋው እዚያው ላይ ያብጣል። ጋሽ ሸምሱ የቀላቀሉትን ውሃ አይቼ ሳቅሁ፣ የድሃ ሾርባ ይመስል ነበር። የራሴን ሳፋ ይዤ መጣሁና እንደ ተመታ የእንቁላል ነጭ ጠብ የማይል አረፋ መትቼ በአሮጌ ብሩሽ ቀባሁላቸው። ቀጥሎ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ አረፋው ሳያሳይ እኔ እሰማዋለሁ፣ ስስስ የምትል፣ እንደ ሐሜት ያለች ድምፅ። ጋሽ ሸምሱ በሦስተኛው ቀን አፋቸውን ከፍተው፣ የጎረቤት ወሬ ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮ ንፋስ አያመልጠውም አሉኝ። ኩራቴን አትጠይቁኝ። ልብስ የሚያሳጥቡኝ ሰዎች ሸሚዛቸው ላይ ግሪስ እያገኙ ሲያማርሩ እንኳ መካኒክ ነኝ እል ነበር።

ችግሩ ዘበኛዋ አንድ ብቻ መሆኗ ነው። ለከረጢቶቹ ገባች፤ የጡሩምባውን ዘበኛ መርካቶ ያለ ነጋዴ ለቅዳሜ አመጣለሁ ብሏል። ከቅዳሜ በፊት ግን፣ ገና በማግስቱ፣ ግንቦት ልደታ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ የሚበላበት፣ እናቴ ነጠላዋን አጥባ ልጄ ጡሩምባ ይነፋልኛል ብላ ለግቢው ሁሉ ያወራችበት ቀን። ጋሽ ሸምሱ አይሆንም አሉ። አሁን ከታሰረ ከፍሬኑ በርሜል በቀጥታ ነው የሚበላው፣ ቅዳሜን ጠብቁ አሉ። ግርማም እሺ ብሎ ነበር።

እኔ ነኝ። አረፋ እስከ ክርኔ ድረስ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ «ጋሽ ሸምሱ፣ ይሄ የእርስዎ ፍሬን ምን ዓይነት ስስታም አባወራ ነው? እንግዳ ከመሶቡ አንድ ጉርሻ ቢያነሳ ዘበኛ ይጠራል እንዴ?» አልኩ።

ግርማ ጎማው ላይ ተደግፎ ሳቀ። ጎረቤታችን ብርቄ አጥሩ ላይ አገጯን አስደግፋ ታይ ነበር፣ ሆዷን ይዛ ተንፈራፈረች። ጋሽ ሸምሱ ራሳቸው፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ መኪናው ሥር እንደተኙ እግራቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ መፍቻው ከእጃቸው ወደቀ። በዚያ ሳቅ መሃል ነው እሺ ያሉት። ለጊዜው ነው አሉ። ለጊዜው!

በማግስቱ ግርማ ሲነፋው የልደታ እርግቦች በሙሉ አንድ ላይ ተነሱ፣ አንዷ ሴትዮ ንፍሮዋን ጭኗ ላይ ደፋች፣ እናቴ ደረቷን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ልጅ ሳቀች። ሦስት ድምፅ ነበረው፣ ወፍራም፣ መካከለኛና ቀጭን፣ ሦስቱም አንድ ላይ ሲወጡ አጥንት ውስጥ የሚገቡ። ቅዳሜ ዘበኛዋ መጣች፤ ግርማ ግን ጭኖ ሊነሳ ስለነበር ስመለስ አለ። ተመለሰ፣ ከሜክሲኮ ጀምሮ እየነፋ፣ እናቴም ሽሮዋን ጣደች። በነጋታው ሌላ ጭነት ተገኘና ስመለስ አለ። ጋሽ ሸምሱ ዘበኛዋን ጋራዡ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቅለው በየጊዜው ያሳዩታል፤ እኔ ደግሞ አያለሁ፣ እስቃለሁ፣ ሳፋዬን ይዤ አልፋለሁ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ።

በአራተኛው፣ ወደ ወደብ ሲወርድ፣ የጣርማ በር ተራራ ቁልቁለት ላይ ቀረ። ከኋላው ይነዳ የነበረ ሾፌር ለቅሶ መጥቶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ ነገረን። ከግርጌው ገበያ ነበር፣ ሰዉ መንገዱን ሞልቶታል፣ ግርማ ከላይኛው ጠመዝማዛ ጀምሮ ጡሩምባውን ለቅቆ አያውቅም፤ ሰው፣ አህያ፣ ሕፃን ያዘለች እናት፣ ሁሉም ግራና ቀኝ ተበተነ። አንድ ዶሮ እንኳ ሳይነካ ገበያውን ሰንጥቆ አለፈና ከወዲያ ገደል ገባ። ገበያተኛው ያ ጡሩምባ አተረፈን እያለ ያለቅሳል አለን። ፍሬን በጥሶ ነው ተባለ፤ ከባድ መኪና በወደቀ ቁጥር እንደዚያ ነው የሚባለው፣ ማንም ወርዶ ያየ የለም። እናቴ ልጄ ሰው አትርፎ ሞተ ብላ ቀና አለች።

ጋሽ ሸምሱ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው ነበር። ቀና ስል ዓይናችን ተገጣጠመ። ሁለታችንም የምናውቀውን ሌላው ሰው አያውቅም፤ ጡሩምባው በጮኸ ቁጥር ፍሬኑ እየጾመ ነበር የወረደው። ወንድሜ ሰው ለማዳን የነፋው ንፋስ ሁሉ ከራሱ ነፍስ ይቀዳ ነበር። ጋሽ ሸምሱ በዓመቱ ጋራዡን ዘግተው አገራቸው ገቡ፣ ሲሰናበቱኝም ጫማቸውን ብቻ ነው ያየሁት።

ከዚያ በኋላ እናቴ አመሻሽ ላይ ድንገት መጣ ትልና በር ልትከፍት ትነሳለች። እያባበልኩ አስቀምጣታለሁ። ያልነገርኳት ነገር ቢኖር፣ እኔም እሰማው ነበር። ከሜክሲኮ በኩል፣ ወፍራሙ መጀመሪያ፣ ቀጭኑ መጨረሻ። ዛሬ እናቴ የለችም፣ ግቢው ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል፣ ጋራዡ የት ጋ እንደነበር ለልጅ ልጄ ላሳያት ብዬ መንገድ መሃል ቆሜ ጠፋብኝ። አውቶብስ ሜክሲኮ ላይ በሩን ሲከፍት ያቺን ስስስ ይላል፤ እኔ እንደ ሐውልት እቆማለሁ፣ ሰው እየገፋኝ ያልፋል። መቀለዱን አልተውኩም፣ ብተወው እሞታለሁ። ግን ከቀልዴ በፊት አንድ ትንፋሽ የምታህል ጊዜ ዝም እላለሁ፤ ልጆቼ እርጅና ነው ይላሉ።

ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብለውኛል። ለልጆቼ ነግሬ እማዬ ተይ እንጂ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም ብለውኛል። ሁሉም ያጽናናኝና ይሄዳል፣ እኔ ከነገሩ ጋር ብቻዬን እቀራለሁ። ሰኞ ዕለት ያቺ አረፋ ከፈነዳች በኋላ እጄን ሳልጠርግ ኮሪደሩን ተሻግሬ ብርቄ ዘንድ ገባሁ፤ ኮንዶሚኒየምም ሲደርሰን ዕጣው በር ለበር ጥሎናል። ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ከዘበኛዋ እስከ ገደሉ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ቀና አላለችም፣ የያዘችውን ፍሬ ልጣ ጨርሳ ሳህኑ ላይ ጣለችው።

«አዎ፣ ቀልድሽ ነው የገደለው» አለችኝ። «እኔም አጥሩ ላይ ሆኜ ስቄያለሁ። ታዲያ ምን እንሁን?»