የሮማን ክዳን

ሮማን መርሳ ላይ የጨርቅ ሱቅ ስትከፍት ታፔላውን ራሷ ሣለችው። ፍሬው የተንዠረገገ የብርቱካን ዛፍ፣ ከሥሩ በደማቅ ቀይ «ውብ ክዳን እዚህ ይሠራል»። አስመራ ተወልዳ በትግርኛ አፏን ለፈታች ሴት ክዳን ማለት ልብስ ነው። ለመርሳ ሰው ግን ክዳን የድስት መክደኛ ነው፤ ከፍ ሲልም የቤት ጣራ። ባሏ ስዩም የመርሳ ልጅ ሆኖ ሳለ እንኳ አልነቃም፤ ከእሷ ጋር ሲኖር ጆሮው ትግርኛ ለምዶ «አምሯል» ብሎ አለፈ። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ሴቶች መክደኛ የሌለው ድስት ይዘው መጡ። ሮማን አበባ እንድትሥልበት የፈለጉ መስሏት ሣለችበት።

ሥዕል የጀመረችው ልጅ ሆና በአባቷ ግድግዳ ላይ በከሰል ነው፤ ተገርፋበታለች። ኋላ ካርቱም ተሰድዳ እንጨት ቀርጾ ጨርቅ ላይ ማተም ተማረች፤ ሾፌሩን ስዩምንም ያገኘችው እዚያው ነው። የሱዳን ጦርነት ሲያባርራቸው ከዕቃዋ ሁሉ የማተሚያ እንጨቶቿን መርጣ ያዘች። ስዩም «ብርድ ልብሱን ትተሽ ግንድ ታሸክሚኛለሽ!» እያለ እስከ መተማ ሲነጫነጭ ነበር።

መርሳ ግን ጨርቋን አልለብስላት አለ። ሴቶቹ ይዳስሱታል፣ «እጅሽን ይባርከው» ይላሉ፣ ከዚያ ሄደው የለመዱትን ይገዛሉ። ስዩም ቢቸግረው «እስከ ፋሲካ አንድ ሰው ካልለበሰው ሱቁን ሽንኩርት እንሸጥበታለን» አላት። ሽንኩርት ጠልታ አይደለም። የሠራችውን ሰው ለብሶት ሲሄድ ካላየች እንግዳ እንደሆነች መቅረቷ ነው፤ ያ ነው የሚያንገበግባት።

ኅዳር ላይ አቶ በላይ የሚባሉ፣ በአቅራቢያው ያለችው የግራና መንደር ገበሬ ሱቋ ገቡ።

«ልጄን ማህሌትን በጥር ልድር ነው። ክዳን ፈልጌ ነበር» አሉ።

የሮማን ልብ ዘለለ። «ለስንት ሰው ነው?»

«ለመንደሩ ሁሉ ነዋ!»

«ለሁሉም አንድ ዓይነት?»

«አንድ ነው እንጂ! ለእያንዳንዱ ለየብቻ ይደረጋል እንዴ?»

ሮማን ሜትሯን አንስታ ትከሻቸውን ልትለካ ስትጠጋ አቶ በላይ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። «የእኔ ልክ ምን ያደርግልሻል? ብቻ ከራሴ በላይ ይሁን።»

«ከራስዎ በላይ? ቆብም ይኑረው ማለትዎ ነው?»

«ኧረ ፀሐይ አያስገባ እንጂ የፈለግሽውን አድርጊ፣ ልጄ!»

እንደ አገሩ ወግ ይሆናል ብላ ተቀበለች። ከዚያ በኋላ ወገቧ እስኪቆረጥ ዛፍና ወፍ ስታትም ከረመች። በሠርጉ ዋዜማ ጨርቁን በባጃጅ ጭና፣ እዚያው እየለካች ልትቆርጥ መቀሷን ይዛ፣ እየዘፈነች ግራና ደረሰች። ጎረምሶቹ ጥቅሉን ተቀበሏት፤ ለዳሱ በተተከሉት ምሰሶዎች ላይ ወጥተው ይቸነክሩት ጀመር።

«እናንተ ሰዎች፣ ክዳን እኮ ነው!» ብላ ጮኸች።

«ታዲያ ምን እያደረግን ነው? እየከደንን!» አሏት።

ሮማን ያኔ ገባት፤ እዚያው መሬት ላይ ዘጭ አለች። በማግስቱ ሠርገኛው ወፎቹን አንጋጦ እያየ ሲጎርስ ደረቱ ላይ ወጥ ያላፈሰሰ አልነበረም። ይህ ግን እሷን አላጽናናትም። ጣራ ሠርታለች፤ ጣራ ደግሞ አይለበስም። ዳሱ ሲፈርስ የአቶ በላይ ሚስት እትዬ አለሚቱ «ይህን የመሰለ ጨርቅማ አይጣልም!» ብለው መቀስ አነሱና ዛፉንም ወፉንም ሳይመርጡ እየሸረከቱ ለጎረቤት አደሉት። ሮማን እያለቀሰች ተሳፈረች። ስዩም የሽንኩርት ሚዛን ገዛ።

በፋሲካ አቶ በላይ ሮማንንና ስዩምን ግራና ጠሯቸው። ከመኪና ሲወርዱ ከየግቢው ሴቶች ብቅ ብቅ አሉ። አንዷ በጉርድ፣ አንዷ በሙሉ ቀሚስ፣ ሁሉም የሮማንን ዛፍ ለብሰዋል። ስዩም አፉን ከፍቶ ቀረ። እትዬ አለሚቱ ሊስሟት እጃቸውን ዘርግተው መጡ። ቀሚሳቸው ላይ የዛፉ ሥር ወደ ሰማይ ወጥቷል፣ ወፎቹም እግራቸውን ሰቅለዋል። ያን ሁሉ ወር የጠበቀችው ቀን መጥቶላት፣ ሮማንን ከደስታዋ ይልቅ የእጅ ሥራዋ ነገር አንገበገባት።

«እትዬ፣ ዛፉ እኮ ተዘቅዝቋል!»

እትዬ አለሚቱ ጎንበስ ብለው ቀሚሳቸውን አዩ።

«ለባሿ እኔ አይደለሁ? እኔ ቁልቁል ሳየው ቀጥ ብሎ ነው የቆመው።»