ተቀምጣ የምትጠጣው ሯጭ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ሯጭ ላጠጣ ሄጄ ራሴ ሮጬ ተመለስኩ። ቆቦ ላይ ጭማቂ ቤት ነበረኝ። የከተማው ሩጫ ክለብ አሰልጣኝ መላኩ ማንጎ ሊጠጣ ገባና፣ «ሰይድ፣ ሰው በማጠጣት መቼም አንተን የሚያህል የለም። እሁድ ሯጮቼን ታጠጣልኛለህ» አለኝ። እኔም መንገድ ዳር ጠረጴዛ ዘርግቼ፣ ብርጭቆውን አጥቤ፣ ከሥሩ ሰሐን አድርጌ፣ ትሪ ይዤ ቆምኩ።

ሯጮቹ መጡና አለፉ። ደንበኛ ሳይጠጣ ሲሄድብኝ አልወድም፤ ትሪዬን ይዤ ተከተልኳቸው። ሆዴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አንዱ ሳይቆም እጁን ሲሰድ ውሃው ፊቴ ላይ፣ ብርጭቆው አስፋልት ላይ። መላኩ ሞተር ሳይክሉ ላይ እንዳለ፣ «ሰይድ፣ ስንተኛ ወጣህ?» አለኝ።

ሙያውን ቀስ በቀስ ለመድኩት። ውሃ አጠጪ ብርጭቆ አይዝም። ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ ትሞላለህ፣ ክዳኑን ትከፍታለህ፣ አንገቱን በጣት ጫፍ ትይዛለህ፣ ሯጩ ሲደርስ ጎን ለጎን ትንሽ ትሮጣለህ። ውስጡ ውሃ፣ ስኳር፣ ቁንጥር ጨውና ሎሚ ነው። አንዴ ጉልበት ይሆነዋል ብዬ ለአንዱ በሶ በጥብጬ ሰጠሁት። ከመወፈሩ የተነሳ ልጁ እያኘከ ቆቦ ገባ።

ከዚያ ዘሀራ መጣች፣ የጎብዬ ገጠር ልጅ። ሩጫዋን ያየ ሁሉ ይወዳታል። አንድ ችግር ብቻ ነበረባት፤ ውሃ ስትሰጣት ቁጭ ትላለች። አስፋልት መሀል። «ቢስሚላህ» ትላለች፣ ረጋ ብላ ትጎነጫለች፣ «አልሀምዱሊላህ» ብላ ጠርሙሱን በሁለት እጇ ትመልስልኛለች። ከዚያ ትሮጣለች።

«ልጅት፣ ሰርግ ቤት ነው እንዴ የጠራንሽ?» ይላታል መላኩ።

«ቆሜ ስጠጣ በአፍንጫዬ ይወጣል ጋሼ።»

እንዲመክሩልን ብዬ አባቷን አያ ይማምን ጎብዬ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። «በሃይማኖታችን ተቀምጦ መጠጣት ይመረጣል፣ ሲቸግር ግን ቆሞም ይቻላል ብያታለሁ» አሉ። «ከሕፃንነቷ የለመደችው ነው፣ አልሆነላትም። ግን ስማ ሰይድ፣ ይሄ ከዋጃ ቆቦ የሚሮጠው ውድድር የመጨረሻዋ ነው። ከደሴ የሚመጣው ክለብ ከወሰዳት ወሰዳት። ካልወሰዳት ማሽላ ትጠብቅልኛለች፤ ወፍ ጨረሰኝ።»

የደሴው ክለብ የሚፈልገው ሁለት ሴቶች ብቻ ነው። እሷ ደግሞ ቁጭ ብላ እስክትነሳ ስንቱ ያልፋታል። ማስቆም ካልቻልኩ መቀመጡን ላሳጥርላት አልኩና ከጭማቂ ቤቴ ትንሽ የእንጨት ዱካ ይዤ ወጣሁ። ከዱካ መነሳት ከአስፋልት ከመነሳት ይቀላል። የውድድሩ ቀን ከጠረጴዛው አጠገብ፣ ግራሯ ጥላ ሥር አስቀመጥኩት።

የረሳሁት የራያን ሰው ነው። ጥላ ሥር ባዶ ዱካ ያየ ይቀመጣል እንጂ ምን ያደርጋል? አንድ ሽማግሌ ፍየላቸውን እየጎተቱ መጥተው ዘና ብለው ተቀመጡ።

«አባቴ፣ ይሄ መቀመጫ የአንዲት ሯጭ ነው» አልኳቸው።

«እሺ፣ ስትመጣ እነሳለሁ። እስከዚያ አጫውተኝ።»

ዘሀራ ከሁለት ሴት ልጆች ጋር ሌሎቹን ርቃ ፊት ሆና መጣች። ሁለቱ ጠርሙሱን ነጥቀውኝ አናታቸው ላይ ደፍተው ሄዱ። ሽማግሌው ቃላቸውን ጠብቀው ተነሱ፣ ዘሀራ ተቀመጠች። ታዲያ ሰው ፊታቸው ተቀምጦ ዝም ማለት አልሆነላቸውም።

«እንዴት ነሽ ልጄ?»

«አልሀምዱሊላህ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የይማም።»

«የትኛው ይማም? ያ በሬው የጠፋበት?»

«ተገኘ አባባ።»

«ተገኘ? አልሀምዱሊላህ። ማሽላውስ እንዴት ይዟል?»

እሷም እየተጎነጨች ለሁሉም መልስ ትሰጣለች። መላኩ ከሞተሩ ወርዶ ራሱን ይዞ መንገድ ዳር ተቀመጠ። «በቃ ሌላ ጠርሙስ ጨምርላት» አለኝ። «ምሳም ካለህ አቅርብ።» እኔ የምሩን መስሎኝ ጨመርኩላት። ጠጣችው።

«ዱአ አድርጉልኝ አባባ» ብላ ተነሳች። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው ጀመሩ፣ እሷ እየሮጠች «አሚን» ትላለች።

ሞተሩ ኋላ ተፈናጥጬ ተከተልኳት። የቆላው ፀሐይ አስፋልቱን ያቀልጠዋል። ቆቦ መግቢያ ላይ ስንደርስ ከሁለቱ ልጆች አንዷ ባቷን ይዛ ዳር ቆማለች። ከንፈሯ ደርቋል። ጠርሙስ ሰጠኋት፤ አሁን አናቷ ላይ መድፋቱን ትታ እስከ ታች ጨለጠችው። ዘሀራ አልፋታለች። ሁለተኛ ሆና ገባች።

ውድድሩን በመኪና ሲከተል የነበረው የደሴው ክለብ ሰውዬ መላኩን ጠራው። «ያቺ መንገድ ላይ ተቀምጣ ስትጨዋወት የነበረችው ናት?»

«ታክቲክ ነው» አለ መላኩ ምንም ሳይመስለው። «ብዙ የለፋንበት ነው።»

ወሰዳት። አያ ይማም ደስታቸውን ከጨረሱ በኋላ ወፍ የሚጠብቅላቸው ሰው ፈለጉና መጀመሪያ የጠየቁት እኔን ነው። «ሆድህን ሲያይ ወፉ ማሽላውን ሌላ ቀድሞ የበላው ይመስለዋል» አሉኝ።

ለአዲስ ውሃ አጠጪ የምነግረው አጭር ነው። ሰው ሲጠጣ አታጣድፈው። አናት ላይ የፈሰሰ ውሃ ያቀዘቅዛል፤ ጥም የሚቆርጠው ግን የተዋጠው ነው።