ደርሶን የመታሁበት ሰደፍ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ስናዘዝ ሌላ ሌላውን እየዘረዘርሁ ይህን ዘልየዋለሁ። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፤ ደርሶን የመታሁት እኔ ነኝ።

ደርሶ ጭልጋ አብሮኝ ያደገ ጎረቤቴ ነው። በዕድሜ ስለምበልጠው «አያ ታደሰ» ይለኛል። ሚስቱ ትርንጎን ከእሱ በፊት እኔ ወድጃት ነበር፤ ሽማግሌ ለመላክ ፈራ ተባ ስል እሱ ላከ። በሰርጋቸው ሚዜ ሆኜ ጨፈርሁ። ከዚያ ወዲያ በደጃቸው ባለፍሁ ቁጥር ሳቋን ስሰማ እርምጃዬን አፈጥናለሁ። ደርሶ ምን በደለኝ? ምንም። ሸጋ ሰው ነው።

አንድ ቀን ሌቦች የሰፈራችንን በሬዎች ነዱ። ጠመንጃ ያለን ሁሉ ተከትለን ገደል አፋፍ ላይ ደረስንባቸው። ሌባና ወገን ስለተደበላለቀ መተኮስ አልተቻለም፤ ሁሉም ጠመንጃውን አዙሮ በሰደፍ ይማታ ጀመር። ደርሶ አንዱን ሌባ አንቆ ይታገላል፤ ጀርባው ወደ እኔ ነው። ሌባውን መምታት እችል ነበር። ሰደፌን አነሣሁና ደርሶን ግራ ጆሮው ሥር መታሁት። እጄ አልሳተም። ስመታው ይታየኝ የነበረው የትርንጎ ፊት ነው።

ወዲያው ደነገጥሁ። ሌባው አመለጠ፤ እኔ ደርሶን ተሸክሜ ወጣሁ። ጎንደር ሆስፒታል ስንወስደው ማኪና ውስጥ ነቃ።

«አያ ታደሰ፣ ማነው የመታኝ? አይተኸዋል?»

«አላየሁትም» አልሁት።

«አንተ ባትደርስልኝ ሞቼ ነበር» አለኝ።

ነፍሱ ተረፈች፤ ግራ ጆሮው ግን ደነቆረ። ትርንጎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በማንኪያ ስታጎርሰው፣ ፋሻውን በጣቷ ስታቃና አየሁ። ታምኑኛላችሁ? እኔው ባቆሰልሁት ቁስል ቀናሁ።

አሁን የምኖረው ጎንደር አጠገብ፣ ፀዳ ከተማ ነው፤ የመጋዘን ዘበኛ ነኝ። ባለፈው ክረምት ዛሬስ እነግረዋለሁ ብዬ ጭልጋ ሄድሁ። ደርሶ «በቀኜ ተቀመጥ አያ፣ እንድሰማህ» አለኝ። አፌን ልከፍት ስል ትርንጎ መጥታ ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለችለት፤ ቀና ብሎ ሳቀላት። ቃሉን ዋጥሁት። ያቀረበችልኝን እራት በልቼ ተመለስሁ።

ግርግሩ ነው፣ ሰይጣን ነው አልልም። የመታሁት እኔ ነኝ፤ አውቄ ነው የመታሁት። ይቅርታ የምለምነው ደርሶን ነበር፤ ዛሬም እየቀናሁበት በየትኛው አፌ?