ከብርቄ ስም ሥር የጻፍኩት

ባለፈው እሑድ የወንድሜ ልጅ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። በኢንተርኔት የሳሙና ሱቅ ከፍታለች፤ ባለሙያዎች በሚተዋወቁበት ገጽ ላይ ልታስተዋውቀው ነው። «አክስቴ፣ አብራኝ የምትሠራውን ልጅ ምን ብዬ ልጻፋት?» አለችኝ። ጥያቄው ቀላል ነበር። እኔ ግን ውሃ ላምጣ ብዬ ተነሳሁና ማድቤት ገብቼ ቆምኩ።

እኔም እንዲህ ያለ ሱቅ ስከፍት ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ብርቄ የአባቴ የሩቅ ዘመድ ልጅ ናት፤ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። «ሀዋሳ ትማር» ተብላ በልጅነቷ እኛ ቤት መጣች። ተማረች ማለት እንኳ ይከብዳል፤ ቀኑን ሙሉ ስትለፋ ውላ የማታ ትምህርት ትሄድ ነበር። እንግዳ ሲመጣ እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ሠራተኛችን ናት» ትላለች። ብርቄ ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች። እኔና እሷ ግን የምንተኛው አንድ አልጋ ላይ ነበር፤ የደበቅኳት ምሥጢርም አልነበረኝም።

ጥልፍ ላይማ እጇ ይባረክ! የሐይቁን ወፎች ነጭ ጨርቅ ላይ ስትጠልፋቸው ሊበሩ የደረሱ ይመስላሉ። ዲግሪዬን ይዤ ሥራ ፍለጋ ስንከራተት የከረምኩበት ክረምት ነበር፤ አንድ ቀን ዝናቡ ሲያባራ ሐይቅ ዳር ይዛኝ ሄደች። አሳ ጥብስ በዳጣ በልተን አፋችን እየተቃጠለ፣ «እኔ ልጥለፍ፣ አንቺ ሽጪ» አለችኝ። «እኩል ግን። የኔ የምለው ነገር ኖሮኝ አያውቅም።»

እኩል ብዬ ማልኩላት።

የጠረጴዛና የትራስ ልብስ የምንሸጥበት የኢንተርኔት ሱቅ ከፈትን። ጎረቤቱ ሁሉ ፎቶውን አይቶ «ጎበዞች!» ይለናል፤ የሚገዛ ግን የለም። የሆቴል ሥራ አስኪያጆች ያሉት የባለሙያዎቹ ገጽ ላይ ነው ሲሉኝ እዚያ ገባሁ። ሁለት ሴቶች ጓዳ ውስጥ ሆነው የሚሠሩት ነው ብል ማን ከቁም ነገር ይቆጥረናል? እኔ ሞኝ፣ ትልቅ ድርጅት መምሰል አማረኝ። ከስሜ ሥር «መሥራችና ሥራ አስኪያጅ» አልኩ። ብርቄን መርፌና ክር እንደያዘች ፎቶ አንስቼ ለጠፍኩና ከሥሩ «ሠራተኛችን ብርቄ» ብዬ ጻፍኩ። መሥሪያ ቤት ሠራተኛ መባል ምን ነውር አለው? እኛ ቤት ቃሉ ምን ማለት እንደነበረ ግን እያወቅኩ ረሳሁት።

በሦስተኛው ቀን ከአንድ ሆቴል ትእዛዝ መጣ። እየሮጥኩ ሄጄ ስልኬን ሰጠኋት። ትእዛዙን ስትፈልግ ፎቶዋ ላይ ደረሰች። በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበችው።

«እዚህም?» አለች።

ለማስመሰል ነው፣ ገዢ ለማምጣት ነው፣ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ እያልኩ ለፈለፍኩ። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና ቀና ብላ አየችኝ።

«እናትሽ ስትለኝ እንዲህ አልከፋኝም። አንቺን ግን የኔ ብዬ ነበር።»

ሆቴሉ ያዘዘውን አንድ ሳታጎድል ጨረሰች። ከዚያ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ከመናኸሪያ ተሳፈረች። ሸኘኋት፤ በመስኮቱ እጄን ዘረጋሁ፣ ጨበጠችኝም። ሱቁ በዚያው ሞተ፤ እኔ እንደሆነ ክር እንኳ በመርፌ ማስገባት አይሆንልኝም።

ከዚያ ወዲህ ያገኘኋት አንዴ ብቻ ነው፤ ዓምና፣ እዚሁ ሀዋሳ መሃል ከተማ፣ ተመልሳ በከፈተችው የራሷ ስፌት ቤት በር ላይ። አቅፋ ሳመችኝ። ወንበር ሳበችልኝ፤ ሻይ አስመጣችልኝ፤ የእናቴን ሞት ስነግራት አለቀሰች። ምን ያላደረገችልኝ ነገር አለ! የምታሠራቸው ልጆች ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው ማን እንደሆንኩ ጠየቋት።

«የድሮ አሠሪዬ ናት» አለቻቸው።

ክፋት አልነበረባትም፤ እንዲያውም ፈገግ ብላ ነው ያለችው። ሻዩን እንደምንም ጨርሼ ወጣሁ። እውነቷን ነው እኮ። ይቅርታ ልጠይቃት ብዬ ስንት ቀን ከቤት ወጥቼ ከመንገድ ተመልሻለሁ። ፎቶውንስ የዚያኑ ዕለት አጠፋሁት፤ እሷ ሳህን ስታጥብ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ያጠናሁበትን ዘመን በምን አጠፋዋለሁ?