ስቱኮ የተቀባው አቡጄዲ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ቤቱን ሲያስለስን የስቱኮና የኮላ ሽታ በመስኮቴ ገባና ሥራዬን አቁሜ ፈዝዤ ቀረሁ። ሌላው ሰው ሽቶ ሲሸተው የድሮ ወዳጁ ትዝ ይለዋል፤ እኔን ምን ቢጣባኝ ነው ስቱኮ የሚያባባኝ!

የዛሬ አሥር ዓመት ግድም አምቦ ውስጥ ግድግዳ ላይ ሥዕል የሚያሠራ ሁሉ የሚጠራው ኦቦ ዱጋሳን ነበር። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ከምቀመጥ ብዬ ፊደል ልጽፍላቸው ተጠጋሁ፤ ውዬ አድሬ ግን መሰላል ላይ ከእሳቸው እኩል የምውል ባልደረባቸው ሆንኩ። የጭማቂ ቤቱን ማንጎና አቮካዶ፣ የፀጉር ቤቱን ጎፈሬ፣ የትምህርት ቤቱን ካርታና የምግብ መፍጫ ሥርዓት እየሳልን ከአምቦ እስከ ጊንጪ ያላዳረስነው አጥር አልነበረም። አንድ ቀን ምሳ ሳንበላ የሳልነው ጨጓራ ከጉበቱ በልጦ ተገኝቶ መምህሩ አስቀንሰውናል። የእናቴ ማኅበርተኞች ከሥር ሲያልፉ “አንቺ ልጅ፣ ባል ከላይ ነው እንዴ የምትፈልጊው?” እያሉ ይለክፉኛል፤ እኔም “እታች ያለውንማ አየሁት!” እላቸዋለሁ።

ግድግዳ ግን ውለታ አያውቅም። ባለቤቱ ሲቀየር ወይ በዓል ሲደርስ ይለቀለቃል፤ ኦቦ ዱጋሳም ሥዕላቸው ላይ ኖራ ሲለቀለቅ ባዩ ቀን እህል አይወርድላቸውም ነበር። በመጨረሻ የእህል ማስቀመጫ ክፍላቸውን ጠርገው “ስቱዲዮ” አሉት። ሰፈርተኛው ጉርድ ፎቶ ለመነሳት ጎረፈ እንጂ ሥዕል ልይ ብሎ የመጣ አልነበረም። እዚያች ክፍል ውስጥ፣ ከግድግዳ ሥራ መልስ፣ ሦስት ወር ሙሉ የቅዳሜ ገበያ ሴቶችን አንድ ትልቅ አቡጄዲ ላይ ሳሉ። አቤት ፊቶቹ! እያንዳንዷን በስሟ ጠርቼ ሰላም ልላት ይቃጣኝ ነበር። ቀጥሎ አዲስ አበባ ሠዓሊዎች በጋራ በሚያሳዩት ዐውደ ርዕይ እንዲያቀርቡት ተጋበዙ። ሃያ ዓመት ሥራቸው በላያቸው ሲለቀለቅ የኖሩ ሰው፣ አንድ የማይለቀለቅ ነገር ሊኖራቸው ነው።

ታዲያ ያንን ጨርቅ ለቀለም ያዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። የግድግዳ ሰዎች አይደለን፤ ሳይለሰን ቀለም እንዴት ይይዛል ብዬ ስቱኮ በኮላ በጥብጬ ሦስት እጅ ቀባሁት፤ ኦቦ ዱጋሳም በመዳፋቸው ዳሰው “እጅሽ ይባረክ” አሉኝ።

በቀጠሮው ቀን ማለዳ ሥዕሉን ጠቅልለን ሚኒባስ ተሳፈርን። ረዳቱ ምንጣፍ መስሎት ወንበር ሥር ካልከተትኩ ሲል ተሟግተን፣ በጉልበታችን መሃል አቆምነው። ጊንጪ ስንደርስ ቀሚሴ ላይ ነጭ ዱቄት አየሁ። አዲስ ዓለም ላይ ቀይና ቢጫ ቅርፊት ተጨመረበት። ኦቦ ዱጋሳ ሳያዩብኝ ቶሎ ብዬ አራገፍኩት። ደርሰን ስንዘረጋው ስቱኮው ተሰነጣጥቆ ከነቀለሙ ረግፏል፤ ከሴቶቹ ግማሾቹ ፊት የላቸውም። የዐውደ ርዕዩ አዘጋጅ፣ አንድ ወጣት፣ ሊሰቀል እንደማይችል በትሕትና ነግሮን “አባቴ፣ ጨርቁን ማን ነው ያዘጋጀው?” አለ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! አፌን ልከፍት ስል ኦቦ ዱጋሳ ቀደሙኝ።

“እኔ ነኝ” አሉ።

ስንመለስ መንገዱን ሁሉ አለቀስኩ። “ያጠፋሁት እኔ፤ ለምን በራስዎ ላከኩት?” አልኳቸው።

“ኢንተላ ኮ” አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ “እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለስነው። ግድግዳ እንጂ ጨርቅ ማን አስተማረን? ይልቅ ነገ በጠዋት ነይ።”

በጠዋት ሄድኩ። ስቱኮውን ትተን ኮላ በውሃ እያቀጠንን፣ ቁራጭ ጨርቅ እየቀባን፣ ሲደርቅ ጠቅልለን እየፈታን ስንፈትን ወር ፈጀን። አዲስ የተሳለው ሥዕል በተከታዩ ዓመት አንድ ቅርፊት ሳይጥል አዲስ አበባ ገባና ተሰቀለ።

ዛሬ ከግድግዳዎቻችን አንዱ ፈርሶ ፎቅ ሆኗል፣ ሌላው ባነር ተወጥሮበታል፤ ኦቦ ዱጋሳም ዓይናቸው ደክሞ መሰላል ከወጡ ቆዩ። ይቆጨኛል፣ አልዋሽም። ደግነቱ ጠዋት አጥር ቀብተው ከሰዓት እኔ በከፈትኩት የሥዕል ክፍል ጨርቅ የሚወጥሩ አራት ወጣቶች አሉ፤ አንዳቸውም ስቱኮ አያስጠጉም።

ያንን ሁለተኛ ሥዕል ልንጠቀልል ስንል ኦቦ ዱጋሳ ጥጉ ላይ ስማቸውን ጻፉና ብሩሹን አቀበሉኝ። “ያንቺንም ጻፊ፤ ከሥሩ ያለው ያንቺ እጅ ነው” አሉኝ። የአምቦን ሱቅ ሁሉ ስም ስጽፍ ዝንፍ የማይለው እጄ የራሴ ሲሆን መስመር ሳተ። ስሜ ትንሽ ጠሟል፤ ግን እስከ ዛሬ ማንም አልለቀለቀበትም።