ምንም ሳይዙ ሳጥናቸው የሞላው ጋሼ ይማም

መጀመሪያ ቀን ጀልባ ላይ የወጣሁት በጽዳት ጓንት ነበር። አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ከተማ ዊልያምስታውን ሰፈር፣ ጀልባዎቹ የሚታሰሩበት ቦታ ዳር ያለውን ክለብ ጠዋት ጠዋት አጸዳ ነበር። አንድ ቀን ግሬም የሚባል ስኪፐር፣ የጀልባ መሪ፣ ዓሣ ለማጥመድ የከፈሉ ደንበኞቹን አሳፍሮ ጀልባው የታሰረበት መድረክ ላይ ይቁነጠነጣል። ዴክሃንዱ፣ ማለትም የጀልባው ረዳት፣ ቀርቶበታል። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ሳልፍ አየኝ።

«ገመድ መቋጠር ትችያለሽ?» አለኝ።

«አባቴ መረብ ጠጋኝ ነበር» አልኩት። እውነቴን ነው። ያደግሁት ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ነው። ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉት ዓሦች ከእናቴ ጡት ቀጥሎ የማውቃቸው ነገሮች ናቸው። ውሃ ውሃ ነው ብዬ መጥረጊያዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ገባሁ።

ውሃ ውሃ አይደለም። የእኛ ሐይቅ ጨዋ ነው፣ ተኝቶ ያድራል። ይኼኛው ጨው ያለበት ገና ከወደቡ ሳንርቅ ሆዴን ገለበጠው። ደንበኞቹ ዘንግ ይዘው ሲያጠምዱ እኔ ባልዲ አቅፌ ዋልኩ። ግሬም መሪውን እንደያዘ «እግርሽን አትዪ፣ ሩቁን እዪ» ይለኛል። ስንመለስ እንደሚያባርረኝ እርግጠኛ ነበርኩ። እሱ ግን «ነገ ትመጫለሽ?» አለኝ። «ባልዲው ካለ እመጣለሁ» አልኩት። በዚያው ቀረሁ።

ሥራው ከላይ ሲያዩት መዝናናት ይመስላል። ለደንበኛው ነው እንጂ ለዴክሃንድ አይደለም። ጠዋት ቀድመሽ ትመጫለሽ፣ በረዶ ትጭኛለሽ፣ ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ለማጥመጃ ትቆርጫለሽ፣ መንጠቆና ክሩን የሚያሰምጠውን እርሳስ ታስሪያለሽ፣ ላይፍ ጃኬት ለሁሉም ታለብሻለሽ። መልህቅ ትጥያለሽ፣ መልህቅ ታነሻለሽ። የተጠላለፈ ክር ትፈቺያለሽ፤ አንዳንዱ ክር የአማት ነገር ነው፣ በፈታሽው ቁጥር ይብስበታል። ፍላትሄድ የሚባለውን ጠፍጣፋ ዓሣ በጨርቅ ካልያዝሽው በጉንጩ አጠገብ ያለው እሾህ አውራ ጣትሽን ይበሳዋል። ስናፐር የሚባለውን ቀይ ዓሣ በመለኪያው ላይ አጋድመሽ ትለኪዋለሽ፤ ካነሰ እጅሽን አርጥበሽ ቀስ ብለሽ ወደ ውሃው ትመልሺዋለሽ። ማታ ማሪቢርኖንግ ቤቴ ስገባ ልጄ አፍንጫዋን ይዛ «ማም፣ ሻወር ፈርስት» ትለኛለች። ሰላምታዋ እሱ ነው።

የግሬም አንደኛ ሕግ ሳጥን ነው። እያንዳንዱ ደንበኛ ኤስኪ የሚባለውን የበረዶ ሳጥኑን ይዞ ይመጣል፣ የያዘውንም ዓሣ እዚያ ያስቀምጣል። ሕጉ ለአንድ ሰው የሚፈቅደው መጠን አለ። ተቆጣጣሪ መጥቶ ሳጥን ሲከፍት ሳጥኑ የማን እንደሆነና ውስጡ ስንት እንዳለ ነው የሚያየው። ይኼን ለማስረዳት ብዙ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ለአበሻ ግን አማርኛም እንደማይበቃ የተማርኩት ከጋሼ ይማም ጋር በወጣን ቀን ነው።

በጃንዋሪ፣ በዚህ አገር በጋ ነበር። ሰኢድ ደወለልኝ። ሰንሻይን ዌስት የሚኖር፣ ትራክ የሚነዳ የደሴ ልጅ ነው።

«እትዬ ዘይነባ፣ ጀልባዋን ቡክ ላደርግ ነው። ጋሼ ይማም በሚቀጥለው ሳምንት ሲትዝን ሊሆኑ ነው። እኛ እንደ ልጆቻቸው ነን፣ ደስ ልናሰኛቸው ነው።»

«ለዚህ ለዚህ ኬክ አይሻልም?»

«ኬክ አይወዱም። ዓሣ ይወዳሉ።»

መጡ። ሰኢድ፣ ጓደኛው ኑሩ፣ ሌሎችም ከአንድ መስጊድ የሚሰግዱ ወንዶች። በመጨረሻ ጋሼ ይማም፣ ሰባዎቹን የተሻገሩ ቀጭን ሰው፣ ኮት ለብሰው ጀልባው ላይ ወጡ። እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አንቺ ነሽ የምታሻግሪን?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ኮትዎን ያውልቁና ይኼን ይልበሱ።»

ላይፍ ጃኬቱን ሳስርላቸው ነገሩኝ። ታላቅ እህታቸው ደሴ ታማ አልጋ ላይ ናት። እናታቸው ስትሞት ያሳደገቻቸው እሷ ናት። የዜግነት መሐላውን ፈጽመው የአውስትራሊያ ፓስፖርት ሲያወጡ ወዲያው ሊሄዱላት ነው። «ቶሎ ና፣ ጊዜ የለኝም ብላኛለች» አሉ። እኔም ምን እላለሁ፣ አብሽሩ አልኳቸው።

ከመነሳታችን በፊት በአማርኛ ተናገርኩ። የያዛችሁትን በየሳጥናችሁ ክተቱ፣ አትቀላቅሉ አልኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ራሱን የነቀነቀ አበሻ ሁሉ ሰምቷል ካላችሁ ተሳስታችኋል።

ከበረሃው የሚመጣው ሰሜን ነፋስ እንደ ምድጃ ይተነፍስ ነበር። ባሕሩ ግን ዝም ብሏል፣ ዓሣውም ማጥመጃውን ይበላል። የመጀመሪያውን ስናፐር ሰኢድ አወጣ፤ ደህና ትልቅ ነው። ለክቼ ሰጠሁት። እሱም በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጋሼ ይማም ፊት አቀረበው። «የመጀመሪያው የእርስዎ ነው።» ጋሼ ሳጥናቸውን ከፈቱ፣ ዓሣውን ተቀበሉ፣ መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ልጆችህን ያሳድግልህ። የሄድክበት መንገድ ይቅናህ። ባሕሩም አይቆጣህ።»

«አሚን» አልን ሁላችንም። ኑሩ ቤተሰብ እንዲያየው ብሎ በስልኩ ይቀርጻል። ግሬም እንኳ መሪው ላይ ሆኖ አንድ እጁን አነሳ።

ያ ምርቃት ነው ጉድ ያመጣው። አንዱ ተመርቆ ሌላው እንዴት ይቅር? ኑሩ ያዘ፣ ወሰደላቸው፣ ተመረቀ። ቀጣዩም እንዲሁ። ሚስት የሌለው ሚስት፣ ልጅ የሌለው ልጅ እየተመረቀለት ሄደ። እኔ ሁለቱን አይቻለሁ፤ ምርቃቱ ሲያልቅ ዓሣቸውን መልሰው ይወስዳሉ ብዬ ነበር። ከዚያ ከጀልባው ጀርባ በኩል ክር ተጠላለፈ። እሱን ስፈታ ግሬም ወደ ደቡብ ምዕራብ ጠቆመኝ። ደመናው በአንድ መስመር እየመጣ ነው። በሜልበርን በጋ እሱን አይቶ የሚቀመጥ ሰው የለም። ወደ ፊት ሮጬ መልህቅ ሳብኩ፣ ሰዉን አስቀመጥኩ፣ ነፋሱ ተገልብጦ ሳይደርስብን ገባን። ጋሼ ይማም አንድም ዓሣ አልያዙም። ቀኑን ሙሉ ሲመርቁ መንጠቆአቸው ላይ ያለውን ስኩዊድ ዓሣ በልቶት ሄዷል።

መድረኩ ላይ ሰማያዊ ሸሚዝ የለበሰች የፊሸሪ፣ የዓሣ ሕግ የሚያስከብረው መሥሪያ ቤት፣ ተቆጣጣሪ ቆማለች። ጨዋ ሴት ናት፣ ከዚህ በፊትም አውቃታለሁ። ሳጥኖቹን ተራ በተራ እንድንከፍት ጠየቀች። የሰኢድ ተከፈተ፤ በረዶና የውሃ ጠርሙስ። የኑሩ ተከፈተ፤ በረዶና አንድ ማንጎ። የሁሉም በረዶ ነው። «መጥፎ ቀን ነበር?» አለችኝ። ነገሩ ገና ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የጋሼ ይማም ሳጥን ክዳኑ አልገጥም ብሎ የአንዱ ጅራት ወጥቶ ይታያል።

ከፈተችው። አንድ በአንድ ቆጠረች። ፊቷ ተቀየረ።

«ይኼ የማን ነው?»

ጋሼ እንግሊዝኛው ባይገባቸውም የደንብ ልብሱ ገብቷቸዋል። «ዘይነባ» አሉኝ፣ «የፈሩት ይደርሳል አሉ። ወንጀል ነው?» ሕጉ ከሚፈቅደው በላይ ዓሣ በአንድ ሰው እጅ ሲገኝ ቅጣት እንዳለው አውቃለሁ፤ ቅጣት ደግሞ መሐላ ሊያስቀር ይችል እንደሆነ አላውቅም። በዓይኔ የመጣችው አልጋ ላይ ያለችው እህታቸው ናት።

ሰኢድ ተጠግቶ በአማርኛ «ጥቂቱን እሳቸው ያዙት በያት፣ ሌላውን ለጊዜው ነው ያስቀመጥነው እንበል» አለኝ።

ጋሼ ሰምተዋል። «አንተ ሰኢድ! በሚቀጥለው ሳምንት ልምልበት ያዘጋጀሁትን አፍ ዛሬ በውሸት አታሟሸው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እንዳለ ንገሪልኝ። ምንም አልያዝኩም። የተሰጠኝ ነው።»

ነገርኳት። ምንም አልያዝኩም የሚለው ሰው ፊት ለፊቱ ያ ሁሉ ዓሣ ተከምሮ፣ እኔው ስተረጉመው እንኳ የሚያምነን ሰው ያለ አልመሰለኝም።

«ለምን ሰጧቸው?» አለች።

«ሽማግሌ ስለሆኑ። አንድ ሰው ይሰጣቸዋል፣ እሳቸው ይጸልዩለታል፣ ሁላችንም አሚን እንላለን።»

ወደ ግሬም ዞረች። ግሬም ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። «እውነት ነው። እኔም አሚን ብያለሁ» አላት።

ኑሩ ያን ጊዜ ስልኩ ትዝ አለው። «ቪዲዮ አለኝ!» ብሎ ሰጣት። ተሰብስበን ቆምን። ነፋሱ ይጮሃል፣ ሰኢድ ጎንበስ ይላል፣ ዓሣው ይፈራገጣል፣ የጋሼ ይማም ድምፅ ይሰማል፣ አሚን ይባላል። ቀጥሎ ኑሩ ስልኩን ለሌላው ሰጥቶ ራሱ ይቀርባል። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው። በእያንዳንዱ ምርቃት ከሁሉም ኋላ ብቻውን «አሚን» የሚል አንድ ወፍራም ድምፅ አለ።

«ይኼ ማነው?» አለች።

«ስኪፐሩ ነው» አልኳት።

«ሁልጊዜ ይዘገያል» አለች፣ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ሳቅ አየሁ። እኔም ያን ጊዜ ተነፈስኩ።

እያንዳንዱ ሰው የራሱን ዓሣ እንዲያወጣ አዘዘች። እዚህም ላይ አበሻነታችን አልተወንም። ትልቁን ስናፐር ሰኢድ «የኑሩ ነው» ይላል፣ ኑሩ «ኧረ ወላሂ የሰኢድ ነው» ይላል። ይሉኝታ በተቆጣጣሪ ፊት! ተቆጣሁ። «እየተግደረደራችሁ ሰውዬውን ልታሳስሩ ነው?» አልኳቸው። ቪዲዮው ፈረደ፤ የሰኢድ ነበር። ሁሉም ተለካ፣ ሁሉም ደህና። የማንም ድርሻ ከተፈቀደው አላለፈም። የጋሼ ሳጥን ባዶ ቀረ።

ከዚያ እኔን እያስተረጎመች ቀስ ብላ ነገረቻቸው። ውሃው ላይም ሆነ መድረኩ ላይ፣ የያዘው ሰው ዓሣውን ራሱ ይዞ ይቆይ። ቤት ከገባ በኋላ ለወደደው ይስጥ። ዛሬ ግን ቪዲዮውን አይታለችና ምክር ብቻ ነው፤ የምትጽፈው ነገር የለም።

ጋሼ ይማም ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም። «ዜግነቴንስ ይነካዋል? ጠይቂልኝ።»

ጠየቅኋት። እሷም ጎንበስ ብላ ወደ እሳቸው ተናገረች። «የእኔ ሥራ ዓሣ ነው። ዛሬ ደግሞ ምንም አልያዙም። ለመሐላዎ እንኳን ደስ ያለዎት።»

ስተረጉምላቸው ባዶ ሳጥናቸው ላይ ቁጭ አሉ። «አልሐምዱሊላህ» አሉና መልሰው በለበሱት ኮት እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል። ሰኢድ ጀርባውን ሰጥቶን ባሕሩን ያያል። ያ ሁሉ ጭንቀት በአንዴ ከትከሻችን ወረደ፤ ቀዝቃዛው ነፋስም በዚያው ደርሶ ላባችንን አደረቀው።

ጋሼ ግን ሳይመርቁ የሚሄዱ ሰው አይደሉም። መዳፋቸውን ለተቆጣጣሪዋ ዘረጉ። ምን ማለት እንዳለባት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። «አሚን» አለች፣ ከግሬም ቀድማ።

ያን ዕለት ማታ የዓሣው ባለቤቶች እያንዳንዳቸው ሳጥናቸውን ይዘው ሰንሻይን ዌስት የጋሼ ይማም በር ላይ ተሰለፉ። በሳምንቱ ማሉ። ፓስፖርቱ እጃቸው እንደገባ ደሴ ሄዱ። እህታቸው አልጋዋ ላይ ደገፍ ብላ ተቀምጣ፣ እሳቸው አጠገቧ፣ የተነሱትን ፎቶ ሰኢድ ላከልኝ። ግሬም አትሞ መሪው አጠገብ ለጥፎታል።

አሁን ጉልበቴ መልህቅ አያነሳም። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እወጣለሁ፣ አዲሶቹን ዴክሃንዶች አሠለጥናለሁ። አበሻ ደንበኞች ሲመጡ ግሬም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ «በዕድሜ ትልቁ ማነው?» ይለኛል። አሳየዋለሁ። ከዚያ ሄጄ የሽማግሌው ሳጥን ላይ እቀመጣለሁ፣ እስክንመለስም አልነሳም። ምርቃት ባሕር ላይ ይቻላል። ስጦታው ቤት ነው።